ውሃ የሌላት ወደብ፦ ምጽዋ ለምን እዚያ ሆነች?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ምጽዋ የሚጠጣ ውሃ የላትም፣ ወበቋ ሰው ያስለቅሳል፣ ደሴቷም ከአንድ መንደር አትበልጥም። ሕርጊጎና ዙላ አጠገቧ የብስ ላይ እያሉ ወደቡ ለምን እዚያ ሆነ? አንድ ቀን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰውስ ከየት ጀምሮ ይያት?»

አጭሩ መልስ፦ መርከብ ዳር ድረስ የሚጠጋበት ጥልቅ ባሕር ያለው ደሴቷ ላይ ነው፣ የሚጠጣው ውሃ ደግሞ የብሱ ላይ ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ አልተገናኙም። ባሕሩን የያዘ ጉድጓዱን ካልያዘ ይጠማል፤ ጉድጓዱን የያዘ ባሕሩን ካልያዘ የሚቀርጠው ሸቀጥ የለውም። ቱርኩ፣ ግብፁ፣ ጣሊያኑ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ሠራዊት ምጽዋ ላይ የገጠማቸው ችግር በየመልኩ ይኸው ነበር። ዝርዝሩ ከዚህ በታች አለ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛው ሲሆን ለይቼ እጽፋለሁ።

ከመሬቱ እንነሣ። ምጽዋ አንድ ከተማ ትባል እንጂ ሦስት ቁራሽ ናት። ከባሕሩ በኩል የመጀመሪያዋ ባጽዕ የምትባለው አሮጌዋ ደሴት ናት፤ ርዝመቷ አንድ ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። የንግድ ወደቡ፣ አሮጌው ገበያና የጥንት ቤቶቹ እዚህ ናቸው። ከኋላዋ ጥዋለት አለች፤ ቤተ መንግሥቱና የባቡር ጣቢያው የተሠሩት እዚያ ነው። ሦስተኛው ክፍል የብሱ ነው፦ ዕዳጋ፣ አማተረ፣ ሕጡምሎ፣ ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ ደግሞ እምኩሉ። በሰሜን የገራርና የዓብደልቃድር ባሕረ ገብ መሬቶች ተዘርግተዋል፤ የጦር መርከቦች ማረፊያ የነበረው በእነሱ በኩል ነው። ደሴቶቹን እርስ በርስና ከየብሱ ጋር ያያያዙት በድንጋይና በአፈር የተደለደሉ ሁለት መንገዶች ናቸው። ከየብሱ ወደ ጥዋለት የሚወስደው ረጅሙ ሲሆን ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጥዋለት ወደ ባጽዕ የሚያሻግረው አጭሩ ነው።

ደሴቶቹ ኮራል በሚባለው የባሕር ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ለሺህ ዓመታት የገነቡት ኖራማ ድንጋይ ማለት ነው። ኮራል ሲያድግ ጠርዙ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ከዳር ጥቂት እርምጃ አልፎ ባሕሩ ጥልቅ ይሆናል። በዚያ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ወደቡ ውስጥ አይገባም፤ ደለል የሚሞላው ነገር የለም። ደሴቶቹና ባሕረ ገብ መሬቶቹ ደግሞ ማዕበሉን ይሰብሩታል። መልሕቅ ለመጣል ከዚህ የተሻለ ቦታ በዚያ ዳርቻ ማግኘት ይከብዳል።

የሕርጊጎና የዙላ ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሕርጊጎ ጉድጓድና ጥላ ነበራት፤ ዳርቻዋ ግን ቀስ እያለ የሚጠልቅ በመሆኑ ትልቅ መርከብ ርቆ ቆሞ በጀልባ ማራገፍ ግድ ይለዋል። ከምጽዋ ደቡብ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ላይ የነበረችው የአክሱም ዘመኗ አዱሊስ ታላቅ ወደብ እንደነበረች የሚያከራክር አይደለም። ነገር ግን ከደጋው የሚወርደው የሐዳስ ጎርፍ አፈሩን እያመጣ ዳርቻውን ወደ ባሕሩ ገፍቶታል፤ ዛሬ የአዱሊስ ፍርስራሽ ከውሃው ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው የሚገኘው። (አዱሊስና ምጽዋ አንድ ናቸው የሚሉ ጽሑፎች አሉ፤ አይደሉም። አዱሊስ ከጠፋች በኋላ ንግዱ መጀመሪያ ወደ ዳህላክ፣ ቀስ በቀስ ደግሞ ወደ ምጽዋ ዞረ።) እንግሊዞች በ1867 መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ሲመጡ ግን የወረዱት በምጽዋ ሳይሆን በዙላ ነው፤ ወደ ሰንዓፈ የሚወጣው መንገድ ከዚያ ይቀርባቸው ነበር። የውሃውን ችግር የፈቱት በገንዘብ ነው፦ የመርከብ ማሞቂያዎች የባሕሩን ውሃ እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ንጹሕ ውሃ አወጡ። 44 ዝሆኖችና በሺህ የሚቆጠሩ በቅሎዎች ይዞ ለመጣ ጦር ያ ያዋጣ ይሆናል፤ ለከተማ ግን አያዋጣም።

ምጽዋ የተመረጠችበት ሌላው ምክንያት ነፋስ ነው። የሰሜኑ ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ይነፍስበታል። በደቡቡ ግን ከጥቅምት አካባቢ እስከ ሚያዝያ ነፋሱ ተገልብጦ ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል። ሳምቡክም ሆነ ትልቅ ጀልባ ከቀይ ባሕር ደቡባዊ በር፣ ከባብ ኤል መንደብ፣ በደቡቡ ነፋስ ተገፍቶ ምጽዋ ይደርሳል፤ ከጅዳ በኩል ያለው ደግሞ በሰሜኑ ይወርዳል። የሕንድ ጨርቅና ቅመም፣ የደጋው ዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ሰምና ቅቤ፣ የዳህላክ ዕንቁ፣ በኋላም ሰዉ ሁሉ የለመደው ማርትሬዛ ብር እዚህ ተገናኙ። ባሮችም በዚሁ በር ወጥተዋል፤ ይህን ሳይጠቅሱ የምጽዋን ንግድ መተረክ ጉድለት ነው።

ዝናቡ የኛን የደጋ ሰዎች አእምሮ ያደናግራል። ምጽዋ በዓመት የምታገኘው 200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን እሱም የሚወርደው ደጋው በጋ በሚሆንበት ጊዜ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ነው። የክረምቱ ወራት፣ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ እዚያ ደረቅ ናቸው፤ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ እርጥበቱም ስለሚከብድ ላብ አይደርቅም። ደጋው ላይ ያለ ከብት አርቢ በጋ ሲገባ ወደ ባሕሩ ቁልቁለት ወርዶ ሣር የሚያገኘውና አንዳንዱም ሁለተኛ እርሻ የሚያርሰው በዚሁ የዝናብ መገላበጥ የተነሣ ነው።

ደሴቷ ላይ ጉድጓድ ቢቆፈር የሚወጣው ጨው ነው። ኮራል እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ስለሆነ የባሕሩ ውሃ ከሥር ይሠርጋል። ነዋሪው ሁለት መላ ነበረው። አንዱ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምባቸው የተለሰኑ ጉድጓዶች ናቸው፤ 200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ደግሞ ከተማ አያጠጣም፣ ልስኑ ከተሰነጠቀም ጨው ይገባበታል። ሁለተኛው መላ ከየብሱ፣ ከሕርጊጎና ከእምኩሉ በኩል፣ በጀልባና በጭነት ከብት የሚመጣ ውሃ ነበር። የፖለቲካው ሁሉ መነሻ ይህ ነው።

ኦቶማኖች በኦዝደሚር ፓሻ መሪነት ምጽዋን የያዙት በ1557 ነው። (ከዚያ በፊት ፖርቹጋሎች መጥተውባታል፤ በ1520 መልእክተኞቻቸው፣ በ1541 ደግሞ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ ከዚህ ተነሥቶ ነው ወደ ደጋው የወጣው።) ቱርኮቹ ደጋው ላይ ወዳለችው ደባርዋ ወጡ፤ ዐፄ ሠርፀ ድንግል እነሱንና ከእነሱ ጋር ያበረውን ባሕር ነጋሽ ይስሐቅን በ1570ዎቹ መጨረሻ ሰበሯቸው። ከዚያ በኋላ ኦቶማኖቹ ባንዲራቸውን ደሴቷ ላይ ትተው ሥራውን ለአገሬው ሰው አከራዩት። ሕርጊጎ ላይ የተቀመጠው የበለው ቤተሰብ «ናይብ» የሚል ማዕረግ ያዘ፤ ቃሉ ዐረብኛ ሲሆን «ምትክ፣ ወኪል» ማለት ነው።

ናይቡ ከወኪል በላይ ነበር። ወደ ደጋው የሚወጣው መንገድ በእጁ፣ ግመሉ በእጁ፣ ውሃው በእጁ። ደሴቷ ላይ ያለው ሹም ቢያስቀይመው የውሃ ጀልባዎቹን ማስቀረት ይበቃዋል። ደጋው ላይ ያለው ገዥ ሲቆጣ ደግሞ በተራው ወደ ሕርጊጎ የሚወርደውን እህልና ሸቀጥ ይዘጋበታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ወደ ጎንደር ሲያልፍ ሁለት ወር ያህል ምጽዋ ላይ የታገተው በዚህ መረብ ውስጥ ወድቆ ነው። «ምጽዋ የቱርክ ነበረች» ወይም «የኢትዮጵያ ነበረች» ብሎ በአንድ ቃል መቁረጥ የማያስኬደውም ለዚህ ነው፤ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ባንዲራው፣ ውሃውና ንግዱ በሦስት የተለያዩ እጆች ነበሩ።

ይህን ቋጠሮ የፈቱት ግብፆች ናቸው። በ1865 ኬዲቭ እስማኤል ምጽዋን ከኦቶማኑ ሱልጣን ተረከበ። በ1871 ሹም የሆነው ስዊዘርላንዳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ሁለት ነገር ሠራ፦ ደሴቶቹን ከየብሱ ጋር ያገናኙትን ድልድል መንገዶች፣ ከእምኩሉም የውሃ መስመር። ሁለቱ ሲጠናቀቁ የናይቡ ጉልበት ከነ ጀልባዎቹ አበቃ፤ ከተማዋም ከደሴትነት ወጥታ የየብሱ ጫፍ ሆነች። በመንገዱ ግን የመጣው ንግድ ብቻ አልነበረም፤ ጦርም ሊመጣበት የሚችል መንገድ ነበር፤ ይህ ከመቶ ዓመት በኋላ ይታያል። ሙንዚንገር ራሱ በ1875 አውሳ ላይ በአፋሮች ተገደለ፤ የግብፅ ጦርም በዚያው ዓመት ጉንደት፣ በ1876 ጉራዕ ላይ በዐፄ ዮሐንስ ተደመሰሰ።

እምኩሉን ከውሃው ባሻገር ማወቅ ደግ ነው። የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ጣቢያና ማተሚያ ቤት እዚያ ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1870 ምጽዋ ላይ ከባርነት ነጻ ወጥቶ በሚስዮኑ ተማረ፤ በኋላም ከአስቴር ጋኖ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሰበት ሥራ በአብዛኛው የተከናወነው እዚሁ ሞቃት መንደር ነው። የኦሮምኛው አዲስ ኪዳን የታተመውም በ1893 እምኩሉ ላይ ነው።

በሰኔ 1884 ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር አድዋ ላይ የተፈረመው የሂወት ውል ለዐፄ ዮሐንስ ቦጎስን፣ ማለትም የከረንን አካባቢ፣ መለሰላቸው፤ ምጽዋን ግን አልሰጣቸውም፤ የሰጣቸው መሣሪያን ጨምሮ ዕቃ ሁሉ በነጻ የሚያልፍበትን መብት ነው። ስምንት ወር ገደማ ቆይቶ፣ የካቲት 5 ቀን 1885፣ ጣሊያኖች በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋ ላይ ወረዱ። የመጀመሪያ እርምጃቸው ምን እንደነበር ልብ ይበሉ፦ ወደ ውስጥ ገብተው ውሃ ያለባቸውን ቦታዎች መያዝ። ሰሓጢ ከምጽዋ ወደ ደጋው በሚወጣው መንገድ ላይ ያለ የውሃ ጉድጓድ ነው። ራስ አሉላ ያጠቁት መጀመሪያ ሰሓጢን ነበር፤ በማግሥቱ፣ ጥር 26 ቀን 1887፣ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት 500 ያህል ሰው ያለበት ጦርም ለሰሓጢ ስንቅና ጥይት ይዞ የሚሄድ ነበር። ጣሊያኖች ከዶጋሊ በኋላ ያደረጉት የመጀመሪያ ትልቅ ነገር ባቡር መዘርጋት ሲሆን ሐዲዱ የቆመውም በ1888 ሰሓጢ ላይ ነው፤ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ባቡሩ አስመራ የገባው በ1911 ነው። በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 95 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 118 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሚወጣው ከፍታ ከዜሮ እስከ 2,300 ሜትር በላይ ነው። በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ ወደቡ በጭነት ተጨናነቀ፤ ባቡሩም መኪናውም አልበቃም አለ። ስለዚህ ከምጽዋ አስመራ 71.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝም በአየር ላይ የተዘረጋ የገመድ ማመላለሻ፣ ቴሌፌሪካ፣ ተተከለ። እንግሊዞች ከጦርነቱ በኋላ ነቅለው ወሰዱት። ሐዲዱም በ1970ዎቹ ጦርነት ለምሽግ ተነቃቀለ፤ ከነጻነት በኋላ የመለሱት በአብዛኛው ጡረታ የወጡ የድሮ የባቡር ሠራተኞች ናቸው።

ጥልቅ ወደብ ጠላት ሲመጣበት እንዴት እንደሚዘጋ በሚያዝያ 1941 ታይቷል። ጣሊያኖቹ እጅ ከመስጠታቸው በፊት መርከቦቻቸውን በየወደቡ መግቢያ በረድፍ አሰጠሙ፤ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎቹንም በፈንጂ ቀደው ወደ ታች ላኳቸው። አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ በ1942 መጠገኛዎቹን ማንሣት ሲጀምር ዋና መሣሪያው የታመቀ አየር ነበር። የላይኛውን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናሉ፣ አየር ከላይ ይገፋሉ፣ ውሃው በፈንጂው በተከፈተው በታችኛው ቀዳዳ ይወጣል፣ ብረቱ ራሱ ይነሣል። ከሥር ያለውን ቀዳዳ መጠገን አያስፈልግም፤ ብልሃቱ እዚያ ላይ ነው።

ከ1952ቱ ፌዴሬሽን በኋላ ምጽዋ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና ሰፈር ሆነች፤ ኃይሉ የተቋቋመው በ1955 ነው። አንባቢ ብዙ ስለሚያውቀው ወደ የካቲት 1982 ዓ.ም. (የካቲት 1990) ልለፍ። የኤርትራ ሕዝብ ነጻነት ግንባር በ«ፈንቅል» ዘመቻ የብሱን በፍጥነት ያዘ፤ በብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ የሚመራው ጦር ጥዋለት ላይ ተከበበ። ሙንዚንገር የደለደለው ጠባብ መንገድ ብቸኛው የየብስ መግቢያ ስለነበር ታንኮች በአንድ መስመር እየተከታተሉ፣ መሸሸጊያ በሌለበት፣ በላዩ አልፈዋል። ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዛሬ ጥዋለት ላይ የመታሰቢያ ሐውልት ናቸው። ከተማዋ በውጊያውና ከዚያ በኋላ በነበረው የአየር ድብደባ ክፉኛ ፈረሰች፤ አስመራ ያለው ሠራዊትም የባሕር በሩን አጥቶ በአውሮፕላን ብቻ መሰነቅ ጀመረ።

አሁን ሲሄዱ የሚያዩት ፍርስራሽ ግን የቦምብ ሥራ ብቻ አይደለም። በነሐሴ 1921 የመሬት መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ከተማ ጥሎታል፤ ምጽዋ ቀይ ባሕር እየሰፋ በሚሄድበት ስንጥቅ ዳር ያለች ናትና። ሦስተኛው አፍራሽ ጨው ነው። አሮጌዎቹ ቤቶች የተሠሩት ከኮራል ድንጋይ ነው፤ እርጥብ ሳለ በመጋዝ ይቆረጣል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ቀላል ነው፣ ሙቀትም አያሳልፍም። በግንቡ መካከል በአግድም የሚገቡት እንጨቶች ክብደቱን ያካፍላሉ፤ ወደ መንገዱ የወጡት የእንጨት መስኮቶች፣ ሮሻን የሚባሉት፣ ነፋሱን ይጠልፋሉ። ግንቡ ውሃ ስቦ ውሃ ይተነፍሳል፤ ከላይ የሚለሰነው ኖራም አብሮ ይተነፍሳል።

ችግሩ የሚመጣው «ይጠንክር» ተብሎ ሲሚንቶ ሲለሰን ነው። ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፤ ጨዉ ከልስኑ ጀርባ ይረጋና እያበጠ ድንጋዩን ወደ ዱቄት ይለውጠዋል። በሁለት ሦስት ዓመት ልስኑ ከነድንጋዩ ገጽ ተገንጥሎ ይወድቃል። በጣሊያን ዘመን የተሠሩት የኮንክሪት ቤቶች በሽታ ሌላ ነው፤ የባሕሩ ጨው ውስጡ ያለውን ብረት ሲያዝገው ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል።

የኮራል ቤት የሚጠግን ሰው መጀመሪያ ጣሪያውን ይድፈን፤ ከላይ ውሃ እየገባ ግድግዳ ማከም ከንቱ ድካም ነው። ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ በቀስታ ያንሣ፤ ማሽን ድንጋዩን ይሰብረዋል። ቀጥሎ ጨዉን በእርጥብ ጭቃ ወይም ጨርቅ እየሳበ ደጋግሞ ያውጣ። ኖራው በውሃ ተቦክቶ ቢያንስ ለሳምንታት የከረመ ይሁን፤ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ባልወፈረ ንጣፍ ይለሰን፣ በዚያ ፀሐይ ስር እንዳይሰነጠቅ ለቀናት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። አሸዋው ከባሕር ዳር ከሆነ በጣፋጭ ውሃ ታጥቦ ጨዉ መውጣት አለበት። ጣፋጭ ውሃ ከየት? ተመልሰን እዚያው ነን።

ለአንድ ቀን ጉብኝት የሚሻለው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ከአስመራ በመኪና 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጎህ ሲቀድ ይነሡ። አስመራ ላይ ሹራብ ያስፈልጋል፣ ጊንዳዕ አካባቢ ጉም ሊኖር ይችላል፣ ዶጋሊ ሲደርሱ ሹራቡ ቦርሳ ውስጥ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሳይሆን ማርሽ ይጠቀሙ።

ደሴቷን ከመጨረሻው ጫፍ አይጀምሩ። የብሱ ላይ ዕዳጋ ወርደው ረጅሙን መንገድ በእግር ይሻገሩ፤ ግራና ቀኝ ሲያዩ የከተማዋ አቀማመጥ ያለ ካርታ ይገባዎታል። ጥዋለት ላይ የባቡር ጣቢያውን፣ ሦስቱን ታንኮችና ጉልላቱ የተነደለውን ቤተ መንግሥት ይዩ። ሁለተኛውን መንገድ ተሻግረው ባጽዕ ሲገቡ ከወደቡ ፊት ያሉትን ቅስት በረንዳዎች ይዘው ወደ ሼኽ ሐናፊ መስጊድ ይሂዱ፤ ከዚያ ወደ ጠባቦቹ የገበያ መንገዶች ይግቡ። በደሴቷ ምሥራቃዊ ጫፍ ያለው ራስ ምድር፣ በአፈ ታሪክ በ615 ወደ አክሱም ንጉሥ የተሰደዱት የነቢዩ ባልደረቦች የወረዱበት ነው ይባላል፤ የወደብ ክልል ስለሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፣ ካሜራም ሳያስፈቅዱ አያውጡ።

ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ የአገሬው ሰው ራሱ ከጥላ አይወጣም፤ እርስዎም አይውጡ። ለሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ ይያዙ። ለምሳ ከጀርባው ተሰንጥቆ በርበሬ የተቀባውንና በሸክላ ምድጃ የተጠበሰውን ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር ይዘዙ። ለመዋኘት ከከተማው ውጭ በስተሰሜን ያለው ጉርጉሱም ይሻላል፤ ኮራሉ እግር ስለሚቆርጥ የላስቲክ ጫማ አይርሱ።